ቢፒኤምኤን ምንድን ነው? አልማዙ ስለማይወስነው ውሳኔ

አራት ኪሎ አካባቢ በተካሄደ አንድ የሶፍትዌር ንድፍ ስብሰባ ላይ፣ «የሥራ ሂደት ንድፍ ሣጥንና ቀስት ነው፤ ሐሳቡ ከገባን የምልክቱ ዓይነት ለውጥ አያመጣም» ሲባል ሰማሁ። ይህን አባባል በየስብሰባው ስለምሰማው መልስ ልሰጥበት ይገባል።

ቢፒኤምኤን (BPMN፣ የሥራ ሂደትን በምልክት መንደፊያ) በ2004 እ.ኤ.አ. ወጥቶ፣ 2.0 የተባለው እትሙ በ2011 ታትሞ፣ በ2013 ዓለም አቀፍ ደረጃ የሆነ የሥዕል ቋንቋ ነው። ቋንቋ የምለው እያንዳንዱ ምልክት የተደነገገ ትርጉም ስላለው ነው፤ ንድፉን ሶፍትዌር ራሱ አንብቦ ሥራውን ሊያስኬድ የሚችለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አብዛኛው ስሕተት የሚፈጸመው አልማዙ ላይ፣ ማለትም መንገዶች በሚለያዩበትና በሚገናኙበት ቦታ በሚሣለው ባለ አራት ማዕዘን ቅርጽ ላይ ነው። አልማዙ አይወስንም፤ ውሳኔው የሚሰጠው «የብድር ማመልከቻውን መርምር» በሚለው፣ ከእርሱ በፊት ባለው ሣጥን ነው፤ ተራው አልማዝ የምርመራውን ውጤት ተከትሎ አንዱን መንገድ ብቻ ይከፍታል፤ መገናኛ ላይ ሲቀመጥም የደረሰውን ሁሉ ሳይጠብቅ ያሳልፋል። የመደመር ምልክት ያለበት አልማዝ ደግሞ ሁኔታ ሳያይ መንገዶቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይከፍታል፤ መንገዶቹ በሚገናኙበት ቦታ ሲቀመጥም ሁሉም እስኪደርሱ ይጠብቃል።

አንዲት እናት አንዱን ልጇን ወደ ፒያሳ፣ ሌላውን ወደ ካዛንቺስ ልካ፣ አጎታቸው ሁለቱንም አራት ኪሎ ሐውልቱ ዘንድ ጠብቆ በኮንትራት ታክሲ እንዲያመጣቸው ነገረችው እንበል። ሐሳቧን ቀይራ አንዱን ልጅ ብቻ ብትልክና ለአጎትየው ሳትነግረው ብትቀር፣ ያልተላከውን ልጅ ሲጠብቅ ይመሽበታል። ሶፍትዌሩም እንዲሁ ነው፤ በተራው አልማዝ የተለያዩ መንገዶች በመደመር አልማዝ ሲገናኙ ማመልከቻው ምንም ስሕተት ሳያሳይ ቆሞ ይቀራል፣ ባለጉዳዩም «በሂደት ላይ ነው» እየተባለ ይመላለሳል። በተቃራኒው ሁለቱም ተልከው፣ አጎትየው «የመጣውን ወዲያው ይዘህ ና» ቢባል፣ ሁለት ጊዜ የታክሲ ይከፍላል። በመደመር አልማዝ የተከፈቱ መንገዶች በተራው አልማዝ ሲገናኙ ብድሩ ሁለት ጊዜ የሚለቀቀው እንዲሁ ነው። ሐሳቡ ለሁላችንም ገብቶን ሳለ ጉዳቱን ያደረሰው የምልክቱ ዓይነት ነው። (ክብ ያለበት አልማዝ የተላኩትን ብቻ ይጠብቃል፤ ነገር ግን ንድፉ ሲወሳሰብ ማን እንደተላከ መከታተሉ ስለሚከብድ እኔ በቁጠባ እጠቀምበታለሁ።)

በመሥሪያ ቤቶቻችን «የሥራ ሂደት» የሚለው ስም የክፍል መጠሪያ መሆኑም ችግሩን አባብሶታል፤ ንድፍ አምጡ ሲባል የሚቀርበው ብዙ ጊዜ የመዋቅር ሰንጠረዥ ነው። ምልክቱ ሁሉ የተስተካከለለት ንድፍም ቢሆን ሥራው በእርግጥ እንደዚያ መሠራቱን አያረጋግጥም፤ ያንን የሚያውቀው መስኮት ላይ የተቀመጠው ሠራተኛ ነው። ስለዚህ ንድፉን ለፕሮግራም ጸሐፊ ከመስጠቴ በፊት ከሠራተኛው ጋር ቁጭ ብዬ፣ ወረቀቱ ላይ ሳንቲም እያንቀሳቀስን፣ በየመገናኛው ስንት ሳንቲም እንደደረሰና ስንት እንደሚጠበቅ እንቆጥራለን።