ስቴንስል ምንድን ነው?

ስቴንስል ሰም የተቀባ፣ ከሽንኩርት ልጣጭ ብዙም የማይወፍር ስስ ወረቀት ነው። ከኋላው ጠንካራ ደጋፊ ወረቀት ተያይዞበታል፤ አናቱ ላይ ማባዣ ማሽኑ የሚይዝበት የቀዳዳ መስመር አለው። ኮምፒውተር ሳይስፋፋ በፊት የትምህርት ቤት ፈተና፣ የቀበሌ ማስታወቂያ፣ የማኅበር ጥሪ ሁሉ የሚባዛው በእሱ ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ ባሕር ዳር ላይ የሥነ ጽሑፍ ክበባችን አስፈሪ ታሪኮች ብቻ የሚወጡባትን ትንሽ መጽሔት ያዘጋጀውም በዚሁ በስቴንስል ነው። አርታኢዋ እኔ ነበርኩ።

ሲጻፍበት የታይፕ መኪናው ሪባን ይነሳል። ባዶውን የቀረው የብረት ፊደል ሰሙን ይመታዋል፤ የተመታው ቦታ ሰሙ ይሸሽና የወረቀቱ ክር ብቻ ይቀራል። ከዚያ ስቴንስሉ ቀለም በያዘው ከበሮ ላይ ይጠመጠማል። እጀታው ሲዞር ቀለሙ በተመታው በኩል እየሾለከ ከሥር የሚያልፈው ወረቀት ላይ ያርፋል። በጥንቃቄ የተመታ ስቴንስል ብዙ መቶ ቅጂ ያወጣል። እኛ 200 ሲሞላ እናቆም ነበር፤ ወረቀቱ ያልቅብናል።

በአማርኛ ሲሆን ሥራው ይከብዳል። ፊደላችን 33 በ7፣ 231 ነው፤ የታይፕ መኪናው ቁልፍ ግን 50 አይሞላም። ስለዚህ ብዙው ፊደል በአንድ ምት አይወጣም፤ መጀመሪያ ዋናው ይመታል፣ ቅጥያው ይከተላል። ሰም ላይ ይህ አንዱን ቦታ ደጋግሞ መውጋት ነው። ዓይን ያላቸው ፊደሎች ደግሞ አሉ፦ «ወ»፣ «ቀ»፣ «ዐ»፣ «መ»። ጣት ከከበደ የዓይኑ መሃል ተቆርጦ ይወድቅና ሲባዛ ድፍን ጥቁር ይሆናል። አስፈሪ ታሪክ ውስጥ «ሞት» የሌለበት ገጽ የለም። በመጀመሪያው እትማችን «ሞ» ሁሉ ሁለቱም ዓይኖቹ ጠፍተው ነው የወጣው፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ለስህተት ማረሚያ ፈሳሽ አለ፤ ሽታው የጥፍር ቀለም ይመስላል። በትንሿ ብሩሽ ይቀባል፣ ይደርቃል፣ ከላዩ እንደገና ይመታል። ይህ ግን ለአንድ ሁለት ፊደል ነው። ዓረፍተ ነገር ልቀይር ማለት አይሞከርም። ስቴንስሉም በቁጥር ነበር የሚሰጠን፤ አንዱ ከተቀደደ አንድ ገጽ ከመጽሔቷ ወጣ ማለት ነው። በትርፍ ሰዓታቸው የሚመቱልን ታይፒስት «ልጄ፣ ሐሳብህን ጨርሰህ ና፤ ስቴንስል ላይ አይታሰብም» ይሉኝ ነበር። እትዬ ያሉት ልክ ነው። የአርትዖቱ ሥራ በሙሉ የሚያልቀው አስቀድሞ፣ በእጅ ጽሑፉ ላይ፣ በእርሳስ ነበር። መስመር በምት እየቆጠርኩ ታሪኩ የት ገጽ ላይ እንደሚሰበር ሳይመታ በፊት አውቀው ነበር።

መንገዱ የእኛ ብቻ አልነበረም። ቶማስ ኤዲሰን በዚህ ዘዴ የማባዛትን ፈጠራ ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1876 ነው፤ የቺካጎው ኤ. ቢ. ዲክ በ1887 ማሽኑን «ሚሚዮግራፍ» ብሎ ለገበያ አቀረበው። አሜሪካ ውስጥ የምናብና የአስፈሪ ታሪክ ወዳጆች ከ1930ዎቹ ጀምሮ ትንንሽ መጽሔቶቻቸውን እየመቱ በፖስታ ይላላኩ ነበር፤ «ፋንዚን» የሚለው ስም በ1940 ወጣላቸው። እ.ኤ.አ. በ1985 ፔጅሜከር የሚባለው የገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ሲመጣ ገጽን በግል ኮምፒውተር ማቀናበር ተስፋፋ። እኛ ጋ የደረሰው በጣም ዘግይቶ ነው።

ከሁሉ የማልረሳው ሁለተኛው እትም ላይ የወጣውን የታንኳ ታሪክ ነው። አንድ ዓሣ አጥማጅ ሲመሽ ጣና ላይ ከዘጌ በኩል ብቻውን እየቀዘፈ ይመለሳል። የደንገል ታንኳው ቀስ በቀስ ይከብደዋል፤ ሁለት ሰው የጫነ ያህል ወደ ውሃው ዝቅ ይላል። «ደንገሉ ውሃ ጠጥቶ ነው» እያለ ራሱን ያጽናናል። የታሪኩ ጸሐፊ፣ የክበባችን ልጅ፣ እንዲህ ብሎ ነበር የጨረሰው፦ «ታንኳው ግን ዛሬ ጠዋት ነው ከፀሐይ የተነሳው። ዞር ሲል ከኋላው የተቀመጠው አምና ሐይቁ ውስጥ የሰጠመው ወንድሙ ነበር።»

ስቆጥረው ገጹ ላይ የቀረው አንድ መስመር ብቻ ነው። ለሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ሌላ ስቴንስል ማውጣት አልችልም። አንድ ቀን ሙሉ ከላይ የሚቀነስ ቃል ስፈልግ ዋልኩና ማታ ላይ ወንድሙን ራሱን ሰረዝኩት። ታሪኩ «ከፀሐይ የተነሳው» ላይ ቆመ። የደንገል ታንኳ ውሃ ሲጠጣ እንደሚከብድ፣ ደርቆ ሲነሳ ግን ቀላል እንደሆነ የጣና ዳር ሰው አስረጂ አያስፈልገውም።

ልጁ ቅጂውን እንዳየ ተቆጥቶ መጣ። «ወንድሙን የት አደረስከው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም፤ የስቴንስሉን ነገር ብቻ ነገርኩት። በሳምንቱ ቅዳሜ ቤታቸው ቡና ላይ ለአክስቱ ጮክ ብሎ አነበበላቸው፤ እኔም ነበርኩ። የመጨረሻው መስመር ላይ ሲደርስ ሲኒውን አስቀመጡና አማተቡ። ከዚያ ቀና ብለው፣ ቀስ ብለው፣ «ማን ነው የተሳፈረበት?» አሉ።