«ብሩስ ሊን ማን ገደለው?» ለምትሉኝ ሁሉ

ባለፈው ቅዳሜ ደብረ ማርቆስ ልምምድ በምንሠራበት አዳራሽ ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ወጥረን፣ ስለ ብሩስ ሊ ሕይወት የተሠራ ዘጋቢ ፊልም ለሠልጣኞቼ አሳየሁ። መብራቱ ሲበራ ከኋላ የተቀመጠ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ እጁን አወጣ። «ማስተር፣ ታዲያ ማን ገደለው?»

ፊልሙ የሞቱን ምክንያት ከተናገረ ዐሥር ደቂቃ አልሞላውም። ልጁ አልሰማም እንዳልል ዓይኑን ሳይነቅል ሲያይ ነበር። ሰምቷል፤ ግን አላመነም። ይህንን ጥያቄ በማሠልጠን ባሳለፍኳቸው 16 ዓመታት ከልጅም ከአዋቂም ስሰማ ኖሬያለሁ፤ አሁንስ ሰለቸኝ። ስለዚህ አንድ ጊዜ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ስለ ብሩስ ሊ ከሚወሩት ትንንሾቹን ላስቀድም።

«ካራቴ ነው የሚጫወተው።» እኛ አገር ቡጢና እርግጫ ያለበት ሁሉ ካራቴ ይባላል። ብሩስ ሊ ሆንግ ኮንግ በዐሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ከዪፕ ማን ዘንድ የተማረው ዊንግ ቹን የሚባለውን የኩንግ ፉ ዘርፍ ነው። በኋላ ከቦክስም ከሌላውም የሚጠቅመውን እየወሰደ ጂት ኩን ዶ ያለውን የራሱን መንገድ አወጣ።

«መነኩሴ ነበር፣ ገዳም ነው ያደገው።» አባቱ የካንቶን ኦፔራ ተጫዋች ነበር። ልጁም ገና በሕፃንነቱ ፊልም ላይ የታየ፣ እ.ኤ.አ. በ1958 በሆንግ ኮንግ የቻ ቻ ዳንስ ውድድር ያሸነፈ ጎረምሳ ነው። የተወለደው ደግሞ አሜሪካ፣ ሳን ፍራንሲስኮ፣ ኅዳር 18 ቀን 1933 ዓ.ም.።

«በኑንቻኩ ፒንግ ፖንግ ሲጫወት በዓይኔ አይቻለሁ።» ኑንቻኩ በሰንሰለት የተያያዙ ሁለት አጫጭር ዱላዎች ናቸው። ያያችሁት እ.ኤ.አ. በ2008 የተሠራ የኖኪያ ስልክ ማስታወቂያ ነው። ሰውየው ከሞተ 35 ዓመት ሆኖት ነበር።

«ከቹክ ኖሪስ ጋር የምር ተደባድበዋል።» ኖሪስ አሜሪካዊ የካራቴ ተጫዋችና ተዋናይ ነው፤ ጓደኛሞች ነበሩ። ሮም ኮሎሲየም ውስጥ የሚታየው ግጥሚያ የፊልም ቀረጻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ወሬው እንዲህ ይላል፦ የቻይና ማስተሮች ምስጢራቸውን ለፈረንጅ አስተማረብን ብለው ተቆጡ፤ አንዱ በጣቱ አንዲት ቦታ ነካው፤ ምቱ ቆይቶ ከወራት በኋላ ጣለው። መርዝ ነው የሚሉም አሉ። ሁሉም ሲያበቁ የሚጨምሩት አንድ ነው፦ «እንዲያ ያለ ሰው ዝም ብሎ አይሞትም።» ቪዲዮ ቤት ያደግን ሰዎች «አክተሩ አይሞትም» ስንባል ስላደግን፣ አክተሩ ከሞተ ገዳይ መፈለግ ግድ ይለናል።

ወሬው ከየት እንደመጣ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1964 ኦክላንድ ውስጥ ዎንግ ጃክ ማን ከሚባል ኩንግ ፉ ተጫዋች ጋር በዝግ ቤት ተጋጥሟል። የብሩስ ሊ ሚስት ሊንዳ የጠቡ መነሻ ፈረንጅ ማስተማሩ ነው ትላለች፤ ዎንግ ግን አይደለም ብሏል። መነሻው ምንም ይሁን፣ ግጥሚያው የተደረገው ብሩስ ሊ ከመሞቱ ዘጠኝ ዓመት ገደማ በፊት ነው። ዘጠኝ ዓመት የሚቆይ ምት የለም።

ሁለተኛው ምንጭ የራሱ ሰዎች ውሸት ነው። የሞተው ቤቲ ቲንግ ፔይ የምትባል ተዋናይት ቤት ሆኖ ሳለ፣ መጀመሪያ የተነገረው ቤቱ ከሚስቱ ጋር እያለ እንደሞተ ነው። ጋዜጦች እውነቱን በቀናት ውስጥ አወጡት። ከዚያ በኋላ ማን ምን ቢል ሕዝቡ አላመነም። ለቅሶ ቤት አንዲት ነገር ከተደበቀች መንደሩ ዐሥር አድርጎ እንደሚሞላት እናውቃለን።

ሦስተኛው ፊልም ነው። ሲሞት ያልተጠናቀቀው ሥራው እ.ኤ.አ. በ1978 በሌሎች ሰዎች ምስል ተሞልቶ ወጣ። በታሪኩ ውስጥ ገጸ ባሕርዩ ቀረጻ ላይ እያለ ጥይት ይተኮስበታል፤ የእውነተኛው ብሩስ ሊ አስከሬን ሳጥን ውስጥ ሆኖ የሚታይበት ምስልም ገብቶበታል። ያንን ያየ ልጅ «ተተኩሶበት ሞተ» ቢል አልፈርድበትም። በዚህ ላይ የብሩስ ሊ ልጅ ብራንደን መጋቢት 22 ቀን 1985 ዓ.ም. በ28 ዓመቱ ቀረጻ ላይ በሽጉጥ ሞተ። ቀድሞ በርሜሉ ውስጥ ተሰንቅሮ የቀረውን የጥይት ጫፍ ማንም ሳያየው፣ ባሩድ ብቻ ያለው ጥይት ሲተኮስ ገፍቶ አወጣው። ጥንቃቄ የጎደለው ሥራ ነው እንጂ የማስተሮች በቀል አይደለም።

የሆነውን ልንገራችሁ። ግንቦት 2 ቀን 1965 ዓ.ም. ብሩስ ሊ ሆንግ ኮንግ ስቱዲዮ ውስጥ ድምፅ ይቀዳ ነበር። ማቀዝቀዣው ድምፅ እንዳያስገባ ተዘግቶ ክፍሉ ታፍኗል። ራሱን አዞረው፣ አስመለሰው፣ ወደቀና ሰውነቱ ይንዘፈዘፍ ጀመር። ሆስፒታል ሲደርስ ሐኪሞቹ አንጎሉ እንዳበጠ ተረዱና እብጠቱን የሚቀንስ መድኃኒት ሰጡት፤ ተረፈ። አሜሪካ ሄዶ ተመረመረ፤ ደህና ነህ ተባለ።

ልክ በሁለት ወር ከዐሥራ አንድ ቀኑ፣ ሐምሌ 13፣ ራስ ምታት ተሰማው። ቤቲ አስፕሪን ያለበት የራስ ምታት ኪኒን ሰጠችው፤ ጋደም አለ፤ ሊቀሰቅሱት ቢሞክሩ አልነቃም። 32 ዓመቱ ነበር። አስከሬኑ ሲመረመር 1,400 ግራም ገደማ መሆን የነበረበት አንጎሉ 1,575 ግራም ሆኖ ተገኘ፤ የተመታበት ምልክት ግን ውጭ ላይ አልታየም። አንጎሉ ለምን አበጠ በሚለው ላይ ሐኪሞች ዛሬም ይከራከራሉ፤ አንዳንዱ ኪኒኑ ሰውነቱ ስላልተስማማው ነው ይላል፣ አንዳንዱ ሙቀቱን፣ አንዳንዱ ከልክ ያለፈ ውኃ መጠጣቱን ያነሣል። ያ የሐኪም ክርክር ነው። የግንቦቱን መውደቅ ግን ወሬኛው ሁሉ ይዘለዋል፤ እኔን የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ሕመሙ አስቀድሞ መጥቶ በሩን አንኳኩቶ ነበር።

ለምን እንደዚህ እንደምቆጣ ልናገር። ከስምንት ዓመት በፊት የክረምት ዝናብ አዳራሹን አርጥቦት፣ በስፓሪንግ (በልምምድ ግጥሚያ) መሐል አንድ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠልጣኜ ተንሸራቶ በማጅራቱ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። ቅል ሲሰበር የሚሰማውን ድምፅ አሰማ። ወዲያው ተነሣ፣ ፈገግ አለ፣ እጅ ነሣ። እኔም «ጎበዝ!» ብዬ ጨዋታውን አስቀጠልኩ። ያቺ ቃል እስከዛሬ ትቆጠቁጠኛለች።

በሦስተኛው ቀን ሲቀር ወደ ተከራየበት ቤት ሄድኩ። ጋቢውን እስከ ራሱ ተከናንቦ ወደ ግድግዳ ዞሯል፤ ብርሃን አልችልም ይላል፤ አጠገቡ ያስመለሰበት ሳህን አለ። እናቱ ከአማኑኤል ጠበል ይዘው መጥተው እግሩ ሥር ተቀምጠዋል። አጎቱ «የሰው ዓይን ነው ማስተር፣ ጉልበቱን አይተውበት ነው» አሉኝ። ደጅ የቆሙት የራሴ ሠልጣኞች ደግሞ የባሰ ነገር ያወራሉ፦ ከሁለት ሳምንት በፊት የገጠመው የሌላ ክለብ ልጅ «በብሩስ ሊ ምት» ነክቶታል፣ ሄደን እንጠይቀው! እኔ ካስተማርኳቸው ቴክኒክ ይልቅ ቪዲዮ ቤት የሰሙት ወሬ በልጦባቸው፣ ምንም የማያውቅ ልጅ ሊደበድቡ ነበር።

«እማማ፣ ጠበሉን መኪና ውስጥም ይጠጣዋል፣ አሁን እንነሣ» አልኳቸው። እኔም እጠመቃለሁ፣ ጠበል አልነቅፍም። ሆስፒታል ወሰድነው፣ ባሕር ዳር ሪፈር ተጻፈለት፣ በሲቲ ስካን ከራስ ቅሉ ሥር ደም ተጠራቅሞ ተገኘ፣ በቀዶ ሕክምና ተረፈ። ዛሬ ቡሬ ውስጥ ያስተምራል። ብርጭቆ ሲይዝ ግን ግራ እጁ ይንቀጠቀጣል።

የብሩስ ሊ ሕመም ከመውደቅ የመጣ አይደለም፤ ሁለቱን አላደባልቅም። የሚያመሳስላቸው በዙሪያቸው ያለው ሰው ገዳይ ፍለጋ መውጣቱ ነው።

ስለዚህ ወላጆችም አሠልጣኞችም ስሙኝ። ራሱን የተመታ ልጅ «ደህና ነኝ» ቢልም የዚያን ቀን ስፓሪንግ አብቅቷል። ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ካስመለሰው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ ንግግሩ ከተኮላተፈ፣ አንዱ የዓይኑ ብሌን ከሌላው ከሰፋ፣ ሰውነቱ ከተንዘፈዘፈ፣ ለማደር አትጠብቁ፤ በሌሊትም ቢሆን ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። ለራስ ምታቱ ብላችሁ አስፕሪን አትስጡት፤ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ከሆነ ያባብሰዋል። ሐኪም ሳይፈቅድ ወደ ልምምድ አይመለስ። ወለሉ ሲሚንቶ ከሆነ ማት (ወፍራም ለስላሳ ምንጣፍ) ሳይነጠፍ ማጋጠም ይቅር፤ ማት መግዣ ከሌለ ቴክኒክ ብቻ ይሠራ።

ለልጁ ጥያቄ የመለስኩለት «ግንቦት ላይ ምን ሆኖ ነበር?» ብዬ ነው። አላስታወሰም፤ ከሠላሳዎቹ አንድም ያስታወሰ የለም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፊልሙን ከዚያ ክፍል ጀምሬ እንደገና አሳያለሁ። ወላጆችም ኑ፣ ወንበር አለ።