«የመቶ ዓመት ጎርፍ» ማለት በመቶ ዓመት አንዴ ማለት አይደለም

ሰሞኑን «የመቶ ዓመት ጎርፍ ምን ማለት ነው?» የሚለው ጥያቄ ስለተደጋገመ ልመልስ። «የመቶ ዓመቱ ጎርፍ አንዴ ከመጣ እኛ በሕይወት እያለን አይደገምም» የምትሉ ወገኖች፣ እባካችሁ በዚህ ተማምናችሁ ጉማራና ርብ ወንዞች ዳር ቤት አትሥሩ።

ትርጉሙ ይህ ነው፦ ያን ያህል ወይም ከዚያ የበለጠ ጎርፍ በየትኛውም ዓመት የመምጣት ዕድሉ ከ100 አንድ ነው። ስሙን ያወጡት ሰዎች ሌላ ቢመርጡ ምንኛ ጥሩ ነበር!

ከረጢት ውስጥ 99 ነጭና አንድ ቀይ ቦሎቄ ጨምሩ። በየክረምቱ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አንድ ታወጣላችሁ፣ አይታችሁ ትመልሱታላችሁ። ዘንድሮ ቀዩ ወጣ እንበል። ለከርሞም ከረጢቱ ያው ነው፤ ቀዩ ተመልሶ ገብቷል። 30 ክረምት ብታወጡ ቀዩ ቢያንስ አንዴ የመውጣቱ ዕድል ከ100 ውስጥ 26 ገደማ ነው። ለአንድ ቤት ዕድሜ ይህ ትንሽ አይደለም።

ስሌቱ አያከራክርም። የሚለዋወጠው ውሃው የት ይደርሳል የሚለው ግምት ነው። ባለሙያዎች የሚነሡት ከወንዙ የልኬት መዝገብ ነው፤ የ40 ዓመት ልኬት ይዞ የመቶ ዓመቱን መገመት ለስሕተት ሰፊ በር ይከፍታል። ደለል የወንዙን ወለል ሲያነሣው ደግሞ ያው ዝናብ ቀድሞ ያልደረሰበት ይደርሳል።

ስለዚህ ጉማራና ርብ የሚያልፉበት የፎገራ ሜዳ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሲጥለቀለቅ ግድግዳ ላይ የቀረውን የጭቃ መስመር አይታችሁ «ከዚህ አያልፍም» አትበሉ። መስመሩ የሚነግራችሁ ውሃው ያኔ የደረሰበትን ብቻ ነው።