ግንደ ቆርቁሯና የጨመርኩባት ትራስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ ስለ አንዲት ትንሽ ወፍና ስለ አንድ ስህተቴ ልነግራችሁ ነው።

እዚህ ድሬዳዋ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት በምናስተምርበት ግቢ ውስጥ አንድ ግራር አለ። ከቅዳሴ በኋላ ልጆቹ ጥላው ሥር ሲሰበሰቡ ከላይ ጠቅ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰማል። በኛ ከተማ ሥራ የሚሠራው ሙቀቱ ሳይበረታ ነው፤ እሷም ይህን ታውቃለች። ግንደ ቆርቁር ናት።

የወፍ አጥኚዎች ካርዲናል ግንደ ቆርቁር ይሏታል። ርዝመቷ ከ14 እስከ 16 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቷ ከ20 እስከ 37 ግራም ነው። የዶሮ እንቁላል ይበልጣታል ማለት ነው። ጀርባዋ ዥንጉርጉር ነው፤ ነጣ ባለው ደረቷ ላይ ጠቆር ያሉ መስመሮች ወርደውበታል። ወንዱ ግንባሩ ቡናማ ሆኖ ከአናቱ እስከ ማጅራቱ ቀይ ቆብ ያጠለቀ ይመስላል። የሴቷ ማጅራት ግን ጥቁር ነው።

ጥቅጥቅ ያለ ደን አትፈልግም። ግራር ያለበት ሜዳ፣ የጫካ ዳር፣ የጓሮ ዛፍ ይበቃታል። ትልልቆቹ ዘመዶቿ ግንዱን ሲይዙ እሷ ቀጫጭኑን ቅርንጫፍ ትመርጣለች። የበቆሎ አገዳ ላይ እንኳ ወጥታ ትል ትለቅማለች። ጎጆዋን የምትሠራው የሞተ እንጨት ፈልፍላ ነው። ከ1 እስከ 3 ነጭ እንቁላል ትጥላለች፤ ወንዱም ሴቷም በየተራ ይታቀፋሉ።

አሠራሯን እዩት። ከጣቶቿ ሁለቱ ወደ ፊት፣ ሁለቱ ወደ ኋላ ናቸው፤ ቀጥ ባለ ግንድ ላይ የምትቆመው በዚህ ነው። የጭራዋ ላባ ጠንካራ ስለሆነ እንደ ሦስተኛ እግር ትደገፍበታለች። «አቤቱ፥ ሥራህ እጅግ ብዙ ነው፤ ሁሉን በጥበብ አደረግህ» ይላል መዝሙረኛው።

እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። እኔ ግን ጨመርኩ። «እግዚአብሔር አንጎሏ እንዳይናወጥ በራስ ቅሏ ውስጥ እንደ ስፖንጅ ያለ ትራስ አኖረላት» እያልኩ ለልጆቹ አስተማርኩ። ከየት ሰማሁት? ከሰው። አጣርቼ ነበር? አልነበረም። ደስ የሚል ነገር ስለሆነ ብቻ አመንኩት።

አንድ ቀን ባዮሎጂ የሚያጠና ወጣት ትምህርቱ እስኪያልቅ ጠብቆ ወደ እኔ መጣ። «መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ያ ነገር እንደዚያ አይደለም» አለኝ። በቤልጂየም የአንትወርፕ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር የሌሎች ሦስት ዓይነት ግንደ ቆርቁሮችን ምት በፈጣን ካሜራ ቀርጾ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱን አሳትሟል። የራስ ቅላቸው ምቱን አያለዝብም። ጭንቅላታቸው እንደ መዶሻ ነው። ደግሞም አስቡት፤ መዶሻ ላይ ትራስ ቢታሰር ሚስማሩ እንዴት ይገባል? ከኃይሉ ከፊሉ ትራሱ ውስጥ ይቀራል፤ ወፊቱም ያንኑ ለማካካስ የበለጠ መድከም ይኖርባታል። ታዲያ አንጎላቸው የማይጎዳው ለምንድን ነው? ትንሽ ስለሆነ ነው። ድንገት ሲቆም የሚደርስበት ግፊት በሰው አንጎል ላይ ከሚደርሰው እጅግ ያንሳል።

ያን ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ልጆቹን ያስተማርኩት ውሸት ነበር፤ ያውም በእግዚአብሔር ስም። ኢዮብ ለወዳጆቹ የተናገረው ቃል ትዝ አለኝ። በምዕራፍ 13 ላይ፣ ለእግዚአብሔር ተሟግተን ብላችሁ ሐሰት ትናገራላችሁን ብሎ ይጠይቃቸዋል። እነዚያ ሰዎች ለእግዚአብሔር የቆሙ ይመስላቸው ነበር። እግዚአብሔር ግን በመጨረሻ ተቆጣቸው፤ ስለ እኔ ቅን ነገር አልተናገራችሁም አላቸው። ይህ እኔን ያስፈራኛል። እናንተንም ያስፈራችሁ ዘንድ እመኛለሁ።

ምክንያቱም ነገሩ የወፍ ብቻ አይደለም። ሐምሌ 19 እና ታኅሣሥ 19 ወደ ቁልቢ ገብርኤል እንወጣለን። ስለት የደረሰለት ይመሰክራል፤ ጆሯችንን አቁመን እንሰማለን፤ መልካም ነው። ግን ያ ምስክርነት ድሬዳዋ እስኪደርስ ስንት ነገር ይጨመርበታል? ሦስት ቀን የታመመው ሦስት ዓመት የተኛ ይሆናል። በስልክ ሲተላለፍ ደግሞ ሞቶ የተነሣ ይሆናል። የጨመረው ሰው ክፉ ላይሆን ይችላል፤ እኔም ክፉ አስቤ አልነበረም። ነገር ግን ቆይቶ ውሸቱን የደረሰበት ልጅ እውነተኛውንም አብሮ ይጥለዋል። እባካችሁ፣ ያያችሁትን ያህል ብቻ ተናገሩ። ያልተጣራውን «ሰምቻለሁ» በሉት። የተሳሳታችሁትን በተሳሳታችሁበት ጉባኤ ፊት አርሙት።

እኔም በሚቀጥለው እሑድ ግራሩ ሥር ልጆቹን ሰበሰብኳቸው። «ባለፈው የነገርኳችሁ ትክክል አልነበረም። ትራስ የላትም፤ ይቅር በሉኝ» አልኳቸው። አንጎሏ ትንሽ መሆኑን እንደገባኝ መጠን አስረዳሁ። ዝም አሉ። ከዚያ ከፊት የተቀመጠች ትንሽ ልጅ እጇን አወጣች።

«ታዲያ እንደዚያ አድርጎ ከሠራት ትራስ ምን ያደርግላታል?»

«ምንም» አልኳት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።