የዲሲው የቤት ፈንድ ምንድን ነው? እኛስ ምን አገባን?

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ቤት ወይም ሕንፃ ሲሸጥ ከተማው ቀረጥ ይቀበላል። የንብረቱ ስም ሲዛወር አንድ፣ ሰነዱ ሲመዘገብ ሌላ። ከዚህ ቀረጥ 15 በመቶው ለብቻው ተነጥሎ ወደ አንድ ካዝና ይገባል። ካዝናው ሀውዚንግ ፕሮዳክሽን ትረስት ፈንድ ይባላል። ባጭሩ ትረስት ፈንዱ እንበለው። የተቋቋመው በ1988 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚያው አቆጣጠር ናቸው።

ፈንዱ ራሱ ቤት አይሠራም። ለሚሠሩና ለሚያድሱ ያበድራል። ተበዳሪው ደግሞ በምትኩ ግዴታ ይገባል፦ ቤቶቹን ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች፣ በተወሰነ ኪራይ፣ ለረጅም ዓመታት ያከራያል። እኛ በተለምዶ «ሎው ኢንካም ቤት» ከምንላቸው ብዙዎቹ በዚህ ብር የተሠሩ ናቸው።

ነገር ግን የቀረጡ 15 በመቶ ብቻውን አያስተማምንም። የቤት ገበያው ሲቀዘቅዝ ቀረጡም ይቀንሳል። ኪራይ የከበደው ሰው ግን በዚያ ዓመት አይቀንስም። ከንቲባ ሙሪኤል ባውዘር በ2015 ሥልጣን ሲይዙ በየዓመቱ 100 ሚሊዮን ዶላር ለፈንዱ እንደሚመድቡ ቃል የገቡት ለዚህ ነው። ከቀረጡ የጎደለው ከከተማው ጠቅላላ በጀት ይሞላል ማለት ነው። ይሞላ አይሞላ የሚወሰነው ደግሞ 13 አባላት ባሉት የከተማው ምክር ቤት፣ በካውንስሉ ነው።

ከብሩ መጠን ባልተናነሰ፣ እንዲያውም በላይ፣ ልናየው የሚገባ ጥያቄ ግን አለ። «አፎርደብል»፣ ማለትም ኪራዩ ከአቅም ጋር የሚመጣጠን፣ የሚባለው ለማን ነው?

መለኪያው የአካባቢው መካከለኛ ገቢ ነው፤ ግማሹ ቤተሰብ ከእሱ በላይ፣ ግማሹ ከእሱ በታች ያገኛል ማለት ነው። አካባቢው ሲባል ዲሲ ብቻ አይደለም፤ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያሉት ባለጸጋ ሰፈሮችም ይገባሉ። ስለዚህ ቁጥሩ ከፍ ይላል። በ2024 ለአራት ሰው ቤተሰብ 154,700 ዶላር ነበር። የዚህ 80 በመቶ ከ123,000 ዶላር በላይ ነው። 30 በመቶው ደግሞ 46,400 ገደማ። ሁለቱም አፎርደብል ይባላሉ!

በዚያው ዓመት ከጁላይ ጀምሮ የከተማው ዝቅተኛ ደመወዝ በሰዓት 17.50 ዶላር ነበር። አንድ አባት ፓርኪንግ ውስጥ ሙሉ ሰዓት ሠርቶ በዚህ ደመወዝ አራት ነፍስ ቢያስተዳድር፣ በዓመት የሚያገኘው 36,400 ዶላር ነው። ከ30 በመቶውም በታች ነው። ሰፈሩ ላይ «አፎርደብል» የሚል ሕንፃ ሲቆም ደስ ይለዋል፣ ማመልከቻውን ሲያይ ግን ለእሱ አይደለም። ይህ እኔን በጣም ያሳስበኛል። ዩ ስትሪትንና ሾው የሚባሉትን የዲሲ ሰፈሮች በምግብ ቤታቸው ያደመቁ ስንት ወገኖቻችን ኪራይ ገፍቷቸው ከከተማው ውጭ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ሄደዋል።

ሕጉ ለእነዚህ ሰዎች ተከራክሯል። በ2021 የነበረው ሕግ ከፈንዱ ብር ግማሹ ገቢያቸው ከመለኪያው 30 በመቶ በታች ለሆነ ቤተሰቦች እንዲውል ያዝ ነበር። ሆኖም በዚያው ዓመት የመሥሪያ ቤቶችን ሥራ የሚመረምረው የከተማው ኢንስፔክተር ጄኔራል ሲያጣራ ይህ ድርሻ እንዳልተሟላ አገኘ። ሕግ መኖሩ ብቻ አልበቃም ማለት ነው። ጠያቂ ያስፈልገዋል።

የሚጠየቅበት ቦታ አለ፤ ሂሪንግ ይባላል። የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው በኦክቶበር 1 ነው። ከንቲባዋ ረቂቁን በጸደይ ይልካሉ። ከዚያ የካውንስሉ ኮሚቴዎች ድምፅ ከመስጠታቸው በፊት ሕዝቡን ይሰማሉ። ማንኛውም ሰው ተመዝግቦ መናገር ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ሦስት ደቂቃ ነው። መናገር የማይፈልግ ጽፎ ይልካል፤ ጽሑፉም ከመዝገቡ ጋር ይያያዛል። ካውንስሉ ረቂቁን እንዳለ የመቀበል ግዴታ የለበትም። ብር ከአንዱ ቦታ አንስቶ ወደ ሌላው ማዛወር ይችላል። ከበጀቱ ቀደም ብሎ ደግሞ መሥሪያ ቤቶች ባለፈው ዓመት ምን እንደሠሩ የሚጠየቁበት ሌላ ሂሪንግ አለ። «ሕጉ ያዘዘው ድርሻ ለድሃው ደረሰ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ቦታው እዚያ ነው።

ከእኛ ሰዎች አዘውትሬ የምሰማው መልስ «እንግሊዝኛዬ አይበቃም» የሚል ነው። በ2004 ዲሲ ባወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ ማቅረብ አለባቸው፤ ዋና ዋና ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎችም አንዱ አማርኛ ነው። ለካውንስሉ ሂሪንግም ጥቂት ቀን አስቀድሞ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል። ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ?

ምን እንበል? ስለ ፖሊሲ መተንተን አይጠበቅባችሁም። ስንት ዓመት እንደኖራችሁ፣ ኪራዩ ከስንት ስንት እንደገባ፣ ከደመወዛችሁ ምን ያህሉን እንደሚወስድ ንገሩ። መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ፈንዱ እንዳይቀነስ፣ ሕጉ ያዘዘው ድርሻም ለታዘዘላቸው ሰዎች እንዲደርስ። ሦስት ደቂቃ ለዚህ ይበቃል።