ሆርሞን ምንድን ነው? ከእንቅርት ተነስተን እንየው

ሆርሞን ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው የጉርምስና ብጉር ወይም የነፍሰ ጡር መነጫነጭ ነው። ነገሩ ግን ከዚያ በጣም ይሰፋል። ሆርሞን አንድ የሰውነት ክፍል አመንጭቶ ወደ ደም የሚለቀው ኬሚካል ነው። በደም ተጉዞ ሩቅ ያለ ሌላ ክፍል ጋ ይደርስና እዚያ የሚሠራውን ሥራ ያፈጥናል፣ ያዘገያል፣ ወይም ያስጀምራል። አመንጪዎቹ እጢዎች ይባላሉ። የላብና የምራቅ እጢዎች ያመነጩትን የሚያወጡበት ቱቦ አላቸው። የሆርሞን እጢዎች ቱቦ የላቸውም፤ በቀጥታ ደም ውስጥ ይለቃሉ።

ደም ሁሉም ቦታ ይደርሳል። ታዲያ ሆርሞኑ ያገኘውን ሕዋስ ሁሉ ለምን አያዝም? አንድ ሕዋስ ሆርሞኑን የሚሰማው ለዚያ ሆርሞን የሚሆን ተቀባይ ካለው ብቻ ስለሆነ ነው። ተቀባይ ከሌለው ሆርሞኑ በአጠገቡ እያለፈም ምንም አይሰማውም።

እጢዎቹ ብዙ ናቸው። ቆሽት ኢንሱሊን ታመነጫለች። ኩላሊት ላይ የተቀመጡት አድሬናሎች ስንደነግጥ ልባችንን የሚያስሮጠውን አድሬናሊን ይለቃሉ። የሴት እንቁልጢና የወንድ የዘር ፍሬም የየራሳቸው ሆርሞን አላቸው። ሁሉንም ከመዘርዘር ግን አንዷን በደንብ ማወቅ ይሻላል ባይ ነኝ። እኔ ታይሮይድን መርጫለሁ። ይህች እጢ ስትቸገር ምን እንደምትሆን በዓይናችን አይተናል። እንቅርት በተረታችን ውስጥ እስኪገባ ድረስ አብሮን የኖረ ነገር ነው።

ታይሮይድ አንገታችን ላይ ከፊት ለፊት፣ ከማንቁርት ዝቅ ብላ የተቀመጠች፣ ግራና ቀኝ ሁለት ክንፍ ያላት ትንሽ እጢ ናት። በአዋቂ ሰው ክብደቷ ወደ 20 ግራም ቢሆን ነው። ቲ4 እና ቲ3 የሚባሉ ሁለት ሆርሞኖችን ታመነጫለች። ቁጥሮቹ በእያንዳንዱ ውስጥ አዮዲን የሚባለው፣ ከምግብ የምናገኘው ንጥረ ነገር ስንት አተም እንዳለ ይናገራሉ። አብዛኛው ምርቷ ቲ4 ነው። ጉበትና ሌሎች የሰውነት ክፍሎች ከቲ4 ላይ አንድ አዮዲን ያነሱና ቲ3 ያደርጉታል። ዋናውን ሥራ የሚሠራው ይሄ ቲ3 ነው። ሕዋስ ውስጥ ገብቶ፣ እስከ ኒውክለሱ ድረስ ዘልቆ፣ የትኞቹ ዘረመሎች ይሥሩ የትኞቹ ይረፉ የሚለውን ይለውጣል።

ስለዚህ የሰውነታችን ፍጥነት በእሷ እጅ ነው ማለት ይቻላል። ሆርሞኑ ሲያንስ ሰውየው ይበርደዋል፣ ይደክመዋል፣ ሆዱ ይደርቃል፣ ቆዳው ይሻክራል፣ የልብ ምቱ ይዘገያል። ሲበዛ ደግሞ እየበላ ይከሳል፣ ያልበዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ ድው ድው ይላል፣ እንቅልፍ እምቢ ይለዋል።

መጠኑን ማን ይቆጣጠራል? አንጎል ሥር ፒቱታሪ የምትባል አተር የምታህል እጢ አለች። ቲኤስኤች የሚባል ሆርሞን ትለቃለች፤ መልእክቱም ታይሮይድን «አምርቺ» ማለት ነው። ከእሷ በላይ ያለው ሃይፖታላመስ የሚባለው የአንጎል ክፍል ደግሞ ፒቱታሪን ያዛል። ደም ውስጥ በቂ የታይሮይድ ሆርሞን ሲኖር ሁለቱም ይህንን አይተው ትእዛዙን ይቀንሳሉ። ሲጎድል ትእዛዙን ይጨምራሉ። ግቢ ውስጥ ያለ የውሃ ሮቶን አስቡት። ውሃው ሲሞላ ተንሳፋፊዋ ኳስ ከፍ ብላ መስመሩን ትዘጋለች፤ ሲጎድል ወርዳ ትከፍታለች። አብዛኞቹ የሆርሞን እጢዎቻችን የሚሠሩት በዚህ መንገድ ነው። ምርቱ ራሱ ተመልሶ ምርቱን ይገታል።

እንግዲህ አዮዲን ቢጠፋስ? ታይሮይድ ያለ አዮዲን ሆርሞኑን መሥራት አትችልም። ደም ውስጥ ያለው ሆርሞን ይቀንሳል። ፒቱታሪም ቲኤስኤች መጨመሯን ትቀጥላለች። ቲኤስኤች ግን ምርት ከማዘዝ በተጨማሪ የታይሮይድ ሕዋሳት እንዲያድጉና እንዲበዙ ያደርጋል። ትእዛዙ ለወራትና ለዓመታት ሳይቆም ሲቀር እጢዋ ታብጣለች። እንቅርት ይኸው ነው። ያለችውን ጥቂት አዮዲን አሟጣ ለመያዝ የምትታገል እጢ ናት።

የሚያስፈልገን አዮዲን በጣም ትንሽ ነው። ለአዋቂ በቀን 150 ማይክሮግራም፣ ለነፍሰ ጡር 250 ይመከራል። አንድ አዋቂ በ70 ዓመት የሚያስፈልገው ቢደመር 4 ግራም አይሞላም። ግን ተቆራርጦ በየጊዜው መግባት አለበት፤ የተረፈውን ኩላሊት በሽንት ያስወጣዋል። ደጋ አገር ላይ ችግሩ የሚብሰው ዝናብና ጎርፍ ከአፈሩ አዮዲኑን ለዘመናት ስላጠበው ነው። አፈሩ ከሌለው እህሉም የለውም፣ ከብቱም የለውም። የእኛ ተራሮች ላይም፣ የስዊዘርላንድ ተራሮች ላይም የሆነው ይሄው ነው። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል እናቶች አንገታቸውን ሲነቀሱ ለጌጥ ብቻ አልነበረም፤ እንቅርትን ያርቃል ተብሎም ነበር።

ታይሮይድ ምን እንደምትሠራ ዓለም በግልጽ ያወቀው በስዊዘርላንድ በኩል ነው ቢባል ብዙም አይጋነንም። ቴዎዶር ኮኸር የሚባል የበርን ቀዶ ሐኪም እንቅርት ያለባቸውን ሰዎች እጢዋን ሙሉ በሙሉ እያወጣ ያክም ነበር። በኋላ ግን ከእነዚህ ታካሚዎቹ ብዙዎቹ ቀርፋፋ ሆነውና ሰውነታቸው አብጦ አገኛቸው፤ ይህንንም እ.ኤ.አ. በ1883 ለሕዝብ ገለጸ። እ.ኤ.አ. በ1909 በታይሮይድ ላይ ለሠራው ሥራ የኖቤል ሽልማት አገኘ። አገሩም እ.ኤ.አ. በ1922 አዮዲን ያለው ጨው ማከፋፈል ጀመረች። ጨው የተመረጠው ሀብታምም ደሃም በየቀኑ ስለሚበላው ነው።

እኛ ጋ ጨው ከአሰብና ከምጽዋ ይመጣ ነበር። ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ መንገዱ ተዘጋና የአፋሩ አፍዴራ ዋናው ምንጭ ሆነ። አዮዲን መቀላቀሉም በዚያው ተስተጓጎለ። በ2003 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ አወጣ።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን አንገት ላይ የማይታየው ጉዳት ነው። ጽንስ በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ወራት የራሱ ታይሮይድ ገና ሥራ ስለማይጀምር የሚጠቀመው የእናቱን ሆርሞን ነው። አንጎሉ የሚገነባውም በዚያ ጊዜ ነው። እናት ላይ ከባድ የአዮዲን እጥረት ካለ ልጁ የአእምሮ እድገቱ ሊጎዳ ይችላል፤ ያ ደግሞ በኋላ አይመለስም። በዓለም ላይ ልንከላከላቸው ከምንችላቸው የአእምሮ ጉዳት መንስኤዎች ዋናው ይህ እጥረት ነው። አስቀድሞ መከላከያው ደግሞ አዮዲን ያለው ጨው ነው።

ስለዚህ ጨው ስትገዙ ማሸጊያው ላይ አዮዲን እንዳለው እዩ። አሞሌና በየገበያው በልቅ የሚሸጠው ድፍን ጨው ብዙ ጊዜ የለውም። ውጭ አገር ላላችሁም፣ ያ ሮዝ ቀለም ያለው የሂማሊያ ጨው አብዛኛውን ጊዜ አዮዲን አይጨመርበትም። ጨዉን ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከእርጥበትና ከፀሐይ አርቃችሁ አስቀምጡ። ወጡ ሊወጣ ሲል ብትጨምሩት አዮዲኑ ብዙ አይባክንም። መጠኑን ግን አትጨምሩ፤ የደም ግፊት አለ።

እንቅርት ሁሉ ከአዮዲን እጥረት አይመጣም። የሰውነት መከላከያ በስህተት እጢዋን ሲያጠቃት፣ ወይም ሲያነሳሳት፣ ወይም ውስጧ እባጭ ሲወጣ ታብጣለች። ለብዙ ዓመት የቆየ እንቅርት ያለበት ሰው በራሱ ፈቃድ የአዮዲን መድኃኒት ቢወስድ ሆርሞኑ ሊበዛበትም ይችላል። መመርመር ይቀድማል።

ምርመራው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በቲኤስኤች ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደናገራል። ውጤቱ ከፍ ብሏል ሲባል ታይሮይዴ በዝቷል ብሎ ይደነግጣል። እንደሮቶው ካሰባችሁት ግን ግልጽ ነው፤ ትእዛዙ የበዛው ምርቱ ስላነሰ ነው። ቲኤስኤች በጣም ዝቅ ካለ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሆርሞኑ በዝቷል ማለት ነው።

ሆርሞኑ ላነሰበት ሰው ሌቮታይሮክሲን የሚባል እንክብል ይታዘዛል፤ ራሱ ቲ4 ነው። በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ ይወሰዳል። ቡና መድኃኒቱን በደንብ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያደርገዋል፤ የጠዋቷን ስኒ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሰዓት አቆዩአት። የብረትና የካልሲየም እንክብሎች ደግሞ ከእሱ የአራት ሰዓት ልዩነት ተጠብቆ ይወሰዱ። ቲ4 ደም ውስጥ ግማሹ እስኪወጣ አንድ ሳምንት ያህል ይወስዳል፤ ስለዚህ መድኃኒቱ በሁለት ቀን ለውጥ አያሳይም። ሐኪሙ ቲኤስኤቹን መልሶ የሚያየው ከስድስት ሳምንት በኋላ ገደማ ነው።