«ሰው ሆኖ የማይስት፣ እንጨት ሆኖ የማይጨስ የለም»

ሁለት ሰዎች ተጣልተው ሽማግሌ ፊት ይቀርባሉ። ክሱ ተሰምቶ፣ በዳዩ «አዎ፣ አጥፍቻለሁ» ካለ በኋላ፣ ሽማግሌው ወደ ተበዳዩ ዞር ብለው «ልጄ፣ ሰው ሆኖ የማይስት፣ እንጨት ሆኖ የማይጨስ የለም» ይላሉ። የዚህ ምሳሌ ትክክለኛ ቦታው ይህ ነው፤ ጥፋቱ ከታመነ በኋላ፣ ይቅርታው ከመምጣቱ በፊት፣ በሦስተኛ ሰው አፍ። ቅደም ተከተሉን ልብ ይሏል። የምሳሌው ትርጉም ግማሹ የሚገኘው ከተነገረበት ቦታ ነውና።

በግእዝ «አልቦ ሰብእ ዘኢይኤብስ፣ ወአልቦ ዕፅ ዘኢይጠይስ» ይባላል። የማይበድል ሰው፣ የማይጨስም እንጨት የለም ማለት ነው። «ይኤብስ» ከ«አበሳ» ጋር ሥሩ አንድ ስለሆነ ግእዙ በደልን በስሙ ይጠራዋል። አማርኛው ግን «የማይስት» ብሎ አለዝቦታል። ሳተ ስንል መንገድ ሳተ፣ ዒላማ ሳተ እንላለንና፣ ሳያውቅ የተሳሳተውንም አውቆ የበደለውንም አንድ ቃል ሸፍኖ ይይዛል። ይህ መለዘብ ለማስታረቅ ይመቻል። ራሱን ለሚመረምር ክርስቲያን ግን ሁለቱን መለየት ግድ ነው፤ ከታች እንመለስበታለን።

ሐሳቡን በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የሚናገረው ሰሎሞን ነው። ቤተ መቅደሱን ሰባት ዓመት ሠርቶ ባስመረቀበት ጸሎቱ፣ «የማይበድል ሰው የለምና» ይላል (1ኛ ነገሥት 8፥46)። ሕንፃው ገና አዲስ ነው፣ ሕዝቡም በደስታ ላይ ነው። ንጉሡ ግን በዚያው ዕለት ሕዝቡ ነገ ሲበድል በምን መንገድ እንደሚመለስ ይለምናል። መመለሻው አብሮ ተሠርቶ ነው ቤቱ የተመረቀው።

እንጨቱን ደግሞ ከምድጃው አጠገብ ሆነን እንየው። እንጨት ሲሞቅ መጀመሪያ ውኃው፣ ቀጥሎም በውስጡ ያለው ተቀጣጣይ ትነት ይወጣል። ያ ትነት ነበልባል ሳይደርስበት ካመለጠ ጭስ ይሆናል፤ ነበልባል ካገኘው ግን ራሱ እሳት ሆኖ ይነድዳል። ገና የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውኃ ሊሆን ይችላል፤ በደንብ የደረቀው ከ20 በመቶ በታች ነው። ያም ቢሆን ሲቀጣጠል ጥቂት ሳይጨስ አይቀርም። እሳት የምታነድ ሴት እንጨቱ ጨሰ ብላ አውጥታ አትጥለውም። ፈለጥ ታደርገዋለች፣ የተጨናነቀውን ታሳሳለች፣ አየር እንዲገባበት ከሥር ክፍተት ትተውለታለች፣ እፍ ትልበታለች። ጭሱን ፈርታ ምድጃውን በክዳን ብትደፍነው ግን እሳቱ ይታፈናል፣ ቤቱም በጭስ ይሞላል።

ያለ እንከን ካልሆንኩ የሚል ክርስቲያን የሚያደርገው ይህንኑ መድፈን ነው። ጠዋት ማታ ሊጸልይ ይወስናል፤ በአራተኛው ቀን እንቅልፍ ይጥለዋል፤ «ከእንግዲህ ተበላሸ» ብሎ ወሩን ሙሉ ይተወዋል። አንድ ጥፋት ሠርቶ ለሚመለከተው ሰው ከመናገር ይልቅ፣ ፍጹም የሆነ የይቅርታ ቃል እስኪያገኝ ሳምንታት ይደብቀዋል።

እንዲህ ያለው ሰው ዘወትር የሚጠቅሰው ጥቅስ «የሰማዩ አባታችሁ ፍጹም እንደ ሆነ እናንተ ፍጹማን ሁኑ» የሚለውን ነው (ማቴዎስ 5፥48)። ጥቅሱ የመጣው ከምን በኋላ እንደሆነ ግን ይረሳል። ከፊቱ ያሉት ቁጥሮች ስለ ጠላት መውደድ፣ በክፉዎችና በበጎዎች ላይ ፀሐይ ስለሚያወጣው አባት ነው የሚናገሩት። ስለዚህ ፍጹምነቱ የፍቅር ሙሉነት ነው፤ ወዳጅን ብቻ ወድዶ በግማሽ አለመቅረት። ቃሉም ራሱ ይህን ያግዛል፤ «ፍጹም» የመጣው «ፈጸመ» ከሚለው፣ ከዳር ማድረስ ነው። ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ሲጽፍ በምዕራፍ 3 ቁጥር 12 ላይ ፍጹም እንዳልሆነ ይናገራል፤ ሦስት ቁጥር ዝቅ ብሎ ደግሞ «ፍጹማን የሆንን ሁላችን» ይላል። ሁለቱ አይጋጩም። ዳር አለመድረሱን አውቆ የሚሮጠውን ነው በሁለተኛው ላይ ፍጹም ያለው።

የብራና ጸሐፊዎቻችን ሥራ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ብራና ውድ ነው፤ ቆዳው ተፍቆና ተወጥሮ ደርቆ ነው ለጽሕፈት የሚደርሰው። ስለዚህ ቁም ጸሐፊ ፊደል ቢሳሳት ገጹን ቀዶ አይጥልም። የደረቀውን ቀለም በቢላዋ ፍቆ እንደገና ይጽፍበታል፤ የዘለለውን ቃል በመስመሩ ላይ በደቃቅ ፊደል ይጨምረዋል፤ ብዙ ከዘለለ በኅዳጉ ላይ ጽፎ ቦታውን በምልክት ያሳያል። በአንዳንድ መጻሕፍት መጨረሻ ላይ ስለ ስሕተቱ አንባቢውን ይቅርታ ይጠይቃል። እርማቱ ለዓይን እየታየ መጽሐፉ ለቅዳሴ ይገለገልበታል።

አሁን ወደ መለየቱ እንመለስ። የአንድ ማኅበር ገንዘብ ያዥን እንውሰድ፤ መዝገቡ ላይ 2,000 ብር ጎደለ። ደምሮ ተሳስቶ ከሆነ ስሕተት ነው፤ መድኃኒቱ በዕለቱ መዝገቡን አስተካክሎ ለአባላቱ መናገር ነው፤ ለዚህ ሌሊቱን ሙሉ ማልቀስ አያስፈልግም። አፍሮ ከደበቀው ግን ስሕተቱ ወደ ውሸት ይሻገራል። ገንዘቡን ወስዶት ከሆነ በደል ነው፤ የሙሴ ሕግ በዘኍልቍ 5፥7 በደለኛው እንዲናዘዝ፣ ዋናውን እንዲመልስ፣ አምስተኛ እጅም እንዲጨምርበት ያዝዛል፤ 2,000 ወስዶ ከሆነ 2,400 ይመልሳል ማለት ነው። ሦስተኛም አለ፦ ሥራ በዝቶበት መዝገቡን መያዝ አቅቶት ከሆነ ድካም ነው፤ ኃላፊነቱን ለሌላ ማስረከብ ይበቃዋል። ብዙ ሰው የሚታመመው ሦስቱንም «ኃጢአቴ» በሚል አንድ ከረጢት ውስጥ ስለሚከታቸው ነው። ለድካሙ ንስሐ ይገባል፤ መመለስ ያለበትን ገንዘብ ግን አይመልስም።

በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ዘንድ ይህ ጭንቀት ጎልቶ የሚታየው በቁርባን ላይ ነው። «ሳልበቃ እንዴት እቆርባለሁ?» ብሎ ዓመታት የሚያስቆጥር ወጣት ብዙ ነው። ጳውሎስ ግን «ሰው ግን ራሱን ይፈትን» ብሎ አላቆመም፤ «እንዲሁም ከእንጀራው ይብላ» ብሎ ቀጠለ (1ኛ ቆሮንቶስ 11፥28)። መመርመሩ ወደ ማዕዱ ለመቅረብ ነው። ለንስሐ አባት ሲናዘዙም ያደረጉትን፣ በማን ላይ እንደሆነ፣ አንዴ ወይም ልማድ መሆኑን በአጭር ቃል መናገር ነው፤ ሰበብ መደርደሩ ኑዛዜውን ያደበዝዘዋል። የተሰጠው ቀኖና፣ ጾምም ይሁን ስግደት ወይም ምጽዋት፣ ተፈጽሞ ከተፈታ በኋላ ያንኑ ደግሞ ደጋግሞ መናዘዝ ከትሕትና አይቆጠርም። የሚመላለሰው ሐሳብ እንቅልፍ የሚነሳ ከሆነ፣ መናገር ያለበት አዲሱ ነገር ራሱ ጭንቀቱ ነው፤ ሐኪም ማማከርም ነውር የለውም። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ያሉትም የሚይዙት 1ኛ ዮሐንስ 1፥9 የተናዘዘው ይቅር እንደሚባል ነው የሚናገረው።

ምሳሌው ሲበላሽ የሚገኘው በበዳዩ አፍ ነው። ባል ሚስቱን ሰድቦ «ምን ታደርጊዋለሽ፣ ሰው ሆኖ የማይስት የለም» ካለ፣ ተበዳይዋ ልትሰጠው የሚገባትን ይቅርታ ራሱ ነጥቆ ወሰደ ማለት ነው። በራስ ላይ ሲነገርም ያው ነው፤ ከኑዛዜ በፊት ከሆነ ማምለጫ፣ ከኑዛዜ በኋላ ከሆነ መጽናኛ ይሆናል።

በወንጌል ውስጥ ይህን ሁሉ በአንድ ሰው ላይ የምናየው በጴጥሮስ ነው። በዮሐንስ 18 ላይ ጌታውን የካደው በሊቀ ካህናቱ ግቢ የፍም እሳት እየሞቀ ሳለ ነው። በምዕራፍ 21 ከትንሣኤው በኋላ በባሕሩ ዳር ሲደርስ ያገኘውም ፍም ነው፤ ዓሣና እንጀራ ተዘጋጅቶ። ፍም ጭሱ ያለቀለት እንጨት ነው። ጌታ በዚያ ፍም አጠገብ መጀመሪያ ቁርስ አበላው። ከዚያ ሦስት ጊዜ «ትወደኛለህን?» ብሎ ጠየቀው፤ ሦስት ጊዜም በጎቹን አደራ ሰጠው። ዶሮውን አላነሣበትም።